ረጅም ሹፌር፣ ስድስት ሰው፣ አንድ መኪና

ጥያቄው፦

«ጋሼ፣ እንደምን አሉ? የምኖረው አዳማ ነው። ቁመቴ 1.94 ነው። የምነዳው ቪትዝ ነው፤ ጉልበቴ ከመሪው ጋር ሲጣላ ዓመታት ሆኑት። ከኋላዬ የሚቀመጠው ልጄ እግሩን አጣጥፎ ነው የሚሄደው። ሦስት ልጆች አሉን፤ 12፣ 8 እና አንድ ዓመት ተኩል። እሁድና በዓል ሲሆን እናቴም አብራን ትወጣለች። እኔ በወር ሁለቴ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። አንድ ደላላ የድሮውን አቫንዛ እና በፈረንጆቹ የ2010 ራቭፎር አሳይቶኛል። ጓደኛዬ ‹ምን አለፋህ፣ ኤሌክትሪክ ግዛ፣ አይዲ 6 ውሰድ› ይለኛል። አንድ ጋራዥ የሚሠራ ልጅ ደግሞ ‹የቪትዙን ወንበር ሐዲድ ፈትቼ ወደኋላ ልበየድልህ› ብሎኛል። ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጥያቄህን ሳነብ ሳቅ አመለጠኝ። የሳቅኩት ግን በራሴ ነው።

እኔ 1.66 ነኝ። ከሃያ ዓመት በላይ ለገዢዎች መኪና ስፈትሽ ኖሬአለሁ። ኮፈን እከፍታለሁ፣ ሞተር አዳምጣለሁ፣ ከሥር እገባለሁ፣ ካምቢዮውን እሞክራለሁ። ከዚያ «ግዛ» ወይም «ይቅርብህ» እላለሁ። መኪናውን ወስዶ የሚነዳው ሰው እኔን የሚያህል አለመሆኑ የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው።

ከስድስት ዓመት በፊት አንድ የከባድ መኪና ሹፌር መጣ። ቁመቱ ከአንተ ብዙ አያንስም። ለቤተሰቡ አንዲት ንጹሕ ባለ ሰንሩፍ መኪና አግኝቶ ነበር። ፈተሽኩለት። ሞተሯ ድምፅ የላትም፤ አንድ ጠብታ ዘይት የለም፤ ሊብሬውም ንጹሕ ነው። «ዓይንህን ጨፍነህ ግዛ» አልኩት። በሦስተኛው ሳምንት ተመልሶ መጣ። አንድ ነገር ተበላሽቶበት መስሎኝ ወደ ኮፈኑ ስሄድ «እሱን ተወውና አንገቴን እየው» አለኝ። የሰንሩፉ ማቀፊያ አናቱን ስለሚነካው አንገቱን ወደ ቀኝ አዘንብሎ ነበር የሚነዳው። ጉብታ ባለፈ ቁጥር ጣሪያው ይመታዋል። በመጨረሻ በኪሳራ ሸጣት። ባገኘኝ ቁጥር አሁንም «ዓይንህን ጨፍነህ» እያለ ይቀልድብኛል።

ከዚያ ወዲህ ኮፈን ከመክፈቴ በፊት ገዢውን ወንበሩ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ሞተር ይጠገናል። ጣሪያ ከፍ አይደረግም።

መጀመሪያ ራስህን እንለካ። 1.94 የሚለው ቁጥር ለልብስ ሰፊ ይጠቅመው ይሆናል እንጂ ለመኪና ብዙም አይነግረንም። ሁለት ደንበኞች ነበሩኝ፤ ሁለቱም 1.90። ግድግዳ አስደግፌ አስቀምጬ ስለካቸው አንዱ ከወንበሩ እስከ አናቱ 94 ሳንቲ ሜትር፣ ሌላው 101 ሆኑ። የመጀመሪያው ቁመቱ እግሩ ላይ ነው፤ የሚያስቸግረው መሪና ዳሽቦርድ ነው። የሁለተኛው ወገቡ ላይ ነው፤ የሚያስቸግረው ጣሪያ ነው። ለአንዱ የሚስማማ መኪና ለሌላው ቅጣት ነው።

አንተም እቤት ሞክረው። አንድ ጠንካራ ዱካ ግድግዳ አስጠጋና ጀርባህን አጣብቀህ ተቀመጥ። ባለቤትህ አናትህ ላይ ደብተር አግድማ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት ታድርግ። ከዱካው እስከ ምልክቱ ለኩ። ከዚያ ከግድግዳው እስከ ጉልበትህ ጫፍ ለኩ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ስልክህ ላይ ጻፋቸው።

እስክትለካ ድረስ ግን አንድ ነገር ልገምት። በደብዳቤህ ውስጥ ስለ ጉልበት ሁለት ጊዜ አንስተሃል፤ አንዴ ስለ ራስህ፣ አንዴ ስለ ልጅህ። ስለ ጣሪያ አንድም ቃል የለም። ስለዚህ ቁመትህ እግርህ ላይ ይመስለኛል። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ በዚህ ግምት ላይ ነው። ስትለካ ተቀምጠህ ከ100 በላይ ከሆንክ ግን ሰንሩፍ ያለውን መኪና ከነጭራሹ እርሳው። የሚከፈት ሰንሩፍ እንደ መኪናው ከ2 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ከራስህ በላይ ያለውን ቦታ ይበላል። ደላላ «ሙሉ ኦፕሽን» ብሎ ዋጋ የሚጨምርበት ነገር ለአንተ ጉዳት ነው ማለት ነው።

እግሩ ረጅም የሆነ ሰው ችግር እንዲህ ይጀምራል። ወንበሩን ወደኋላ ይስባል። ጉልበቱ ነጻ ይወጣል። ግን መሪው እዚያው በቦታው ይቀራል። እጁ እንደ እግሩ አልረዘመም። ስለዚህ ጀርባውን ከወንበሩ አላቅቆ፣ ትከሻውን ወደፊት ሰብሮ ይነዳል። አንዳንዱ ደግሞ ወንበሩን ወደኋላ ያስተኛና እጁን ዘርግቶ ይነዳል። አንገት ማስደገፊያው ከራሱ ይርቃል፤ ቀበቶውም ደረቱ ላይ አይተኛም። ከኋላ ቢገጩት አንገቱን የሚይዝለት ነገር የለም።

መድኃኒቱ ወደ አንተ የሚሳብ መሪ ነው። ከመሪው ሥር ያለውን ማንሻ ስትለቀው መሪው ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ከሄደ ግማሽ ሥራ ነው። ወደ ደረትህም መምጣት አለበት። ብዙ ርካሽ መኪኖች የሚቆጥቡት እዚህ ጋ ነው። የሱዙኪ ዲዛየር መሪ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ነው። የድሮው አቫንዛም እንደዚያው። በፈረንጆቹ 2006 የወጣው ራቭፎር ግን ወደ አንተም ይሳባል። ለአንተ ዓይነት ሰው ይህ ከመኪናው ቀለም፣ ከስክሪኑ ስፋት፣ ከምኑም ከምኑም ይበልጣል።

በነገራችን ላይ የመኪና ንድፍ አውጪዎች ስለ አንተ ክፉ አስበው አይደለም። መቀመጫና መሪ ሲያስተካክሉ ከ100 ወንዶች 95ቱን የሚያስተናግድ መለኪያ ይጠቀማሉ። የዚያ ሰው ቁመት ወደ 1.88 ነው። አንተ በ6 ሳንቲ ሜትር አምልጠሃቸዋል። ስለዚህ «ይህ መኪና ሰፊ ነው» የሚልህ ሰው ሁሉ፣ እኔን ጨምሮ፣ ስለ ራሱ ነው የሚያወራው።

አሁን ወደ ሽያጩ ቦታ እንሂድ። ደላላው ኮፈን ሊከፍትልህ ሲሮጥ «ቆይ» በለው። ገብተህ ተቀመጥ። የወንበሩን ልብስ እይ። እኛ አገር ወንበር ላይ ወፍራም ልብስ፣ በላዩ ትራስ፣ በትራሱ ላይ ደግሞ ሌላ ጨርቅ መደራረብ እንወዳለን። ያ ሁሉ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ከፍ ያደርግሃል። አስነሳውና እንደገና ተቀመጥ። የወንበር ከፍታ ማስተካከያ ካለው እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርገው።

ፍሬን እስከ ታች በደንብ ርገጥ። ወንበርህ ልክ የሚሆነው በዚያን ሰዓት ጉልበትህ ትንሽ እንደታጠፈ ሲቀር ነው። ከዚያ እግርህን አንሳና ወደ ነዳጅ መስጫው አዙር። ቀኝ ጉልበትህ የት ነካ? ብዙ ጊዜ የሚነካው የመሪውን ግንድ አይደለም፤ እዚያ የተንጠለጠለውን የቁልፍ ዘለላ ነው። ወይም ከማርሹ አጠገብ ያለውን ጠንካራ የፕላስቲክ ጠርዝ። ሲነካህ ምንም አይመስልህም። ከአዳማ ተነስተህ ሞጆ ስትደርስ ግን የጉልበትህ አጥንት ይነግርሃል። ማንዋል ከሆነ ፍሪሲዮኑንም አሥር ጊዜ ያህል ርገጠውና ልቀቀው። ግራ ጉልበትህ ሲመለስ መሪውን ከነካ አዳማ ውስጥ በባጃጅ መሃል እየተሽለኮለክ እንዴት ልትነዳው ነው? ለአንተ አውቶማቲክ ነው የምመርጠው።

ከደረትህ እስከ መሪው መሃል 25 ሳንቲ ሜትር ይኑር። ኤርባጉ ሲፈነዳ ቦታ ይፈልጋል። ትከሻህን ከወንበሩ ሳታነሳ እጅህን ዘርጋ፤ አንጓህ የመሪው አናት ላይ ካረፈ መልካም ነው። የጣት ጫፍ ብቻ ከደረሰ መሪው ለአንተ ሩቅ ነው። ከራስህ በላይ ደግሞ ቢያንስ አራት ጣት ይግባ።

ከዚያ ወደ ግራህ ዙርና እይ። ወንበርህ እስከ መጨረሻው ወደኋላ ሲሄድ በፊትና በኋላ በር መካከል ያለው ምሰሶ ፊትህ አጠገብ ይመጣል። ከጎንህ የሚመጣውን ባጃጅ እሱ ይደብቀዋል። ከፊት መስታወቱ መሃል ላይ የተሰቀለው መስታወትም አጫጭር ሰዎች ከሥሩ የሚያዩበት ነው፤ አንተ ጋ ልክ ዓይንህ ፊት ይሆንና ከቀኝ የሚሻገረውን እግረኛ ይውጠዋል። እነዚህን ሁለቱን በቆመ መኪና ማወቅ ይከብዳል። ከፖስታ ቤት እስከ ፍራንኮ ባለው ግርግር ውስጥ አንዴ ንዳው። ቀጥሎ ወደ ሶደሬ መንገድ ይዘህ እስከ መልካሳ ሂድና ተመለስ። ባለቤቱ «ለምን ይህን ያህል?» ካለህ ነዳጁን ሙላለት። ሰው ጫማ ሲገዛ እንኳ ሁለት ሦስት እርምጃ ይራመዳል።

የሚቀጥለውን ግን እባክህ አትዝለለው። ወንበሩን ለራስህ እንዳስተካከልክ ሳትነካው ውረድ። የኋላውን በር ክፈትና ከራስህ ወንበር ኋላ ራስህ ተቀመጥ።

ረጅም ሰው መኪና ሲመርጥ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አንተ ወንበርህን ስበህ በብዙ መኪና ውስጥ ትገባለህ። ቦታውን ግን ከሆነ ሰው ላይ ነው የወሰድከው። ከማን እንደወሰድክ ራስህ ጽፈኸዋል፤ እግሩን አጣጥፎ ከሚሄደው ልጅህ። ቪትዝ ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል 2.46 ሜትር ነው። ዲዛየርም ቡት ስላለው ረዝሞ ይታያል እንጂ 2.45 ነው። ከዚህ ርዝመት ውስጥ አንተ የድርሻህን ስትወስድ የሚተርፈው ያው የምታየው ነው።

ይህ የጎማ ለጎማ ርቀት ምን ያህል እንደሚለውጥ በኮሮላ ላሳይህ። በፈረንጆቹ 2014 ከመቀየሩ በፊት የነበረው 2.60 ሜትር ነበር። አዲሱ 2.70 ሆነ። አሥር ሳንቲ ሜትር ብቻ። የአሜሪካው ሞዴል ወረቀት ላይ ግን የኋላው እግር ቦታ ከ92 ወደ 105 ሳንቲ ሜትር ዘሏል። ስሙ ኮሮላ ነው፤ ከኋላ ለሚቀመጠው ግን ሌላ መኪና ነው። ስለዚህ ሜትር ይዘህ ሂድ። ደላላው ይስቃል። ይሳቅ።

ደላላህ ያሳየህን ራቭፎርም በዚያው ሜትር ለካው። የዚያ ዘመን ራቭፎር ሁለት ዓይነት ነው፤ ጎማ ለጎማ 2.56 የሆነ አጭር እና 2.66 የሆነ ረጅም። አንዱ ከሌላው አጠገብ ካልቆመ በዓይን አይለይም። ሊብሬ ላይ ሁለቱም ራቭፎር ናቸው፤ ደላላውም ሁለቱንም በአንድ ዋጋ ሊጠራልህ ይችላል። አንተ የምትፈልገው ረጅሙን ነው። አጭሩ ከሆነ ኮፈኑን እንኳ አትክፈት።

አቫንዛው ይቅርብህ። መኪናው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ጠንካራ ነው፣ መለዋወጫ አለው፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፣ የኋላ ተሳፋሪም በአዳማ ሙቀት ከጣሪያው አየር ይነፍስለታል። እናትህም ሲገቡ ወንበሩ ለወገባቸው ልክ ነው፤ መውጣት መውረድ የለውም። የአንተ ነገር ነው የማይሆነው። መሪው አይሳብም። ሞተሩ ቁመቱን ተቀምጦ የኋላ ጎማ ስለሚነዳ ካምቢዮው በመሃል ወደ ጋቢና ገብቶ የእግርህን ቦታ ያጠብበዋል። በ2.65 ሜትር ውስጥ ደግሞ ሦስት ረድፍ ወንበር ተደርድሯል። አንተ ወደኋላ ስትስብ ሁለተኛው ረድፍ ይጨነቃል፤ እሱ ሲገፋ ሦስተኛው ይዘጋል። ራሽም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ከመሬት ከፍ ማለቱ ለመንገድ ይጠቅምሃል እንጂ ለጉልበትህ አይደለም።

ባለ ሰባት ወንበር የግድ ካልክና ነዳጅ ከፈለግህ ሱዙኪ ኤርቲጋን ተቀምጠህ እየው። ጎማ ለጎማ 2.74 ነው፤ ሁለተኛው ረድፍም ወደፊትና ወደኋላ ይንሸራተታል። መሪው ግን እንደ ዲዛየሩ ነው፤ አይሳብም። አንጓህ መሪው አናት ላይ ካረፈ ውሰደው። ካላረፈ ተመለስ። ሦስተኛውን ረድፍ ስትዘረጋ ከኋላው የሚቀረው ቦታ የልጆች ቦርሳ የሚይዝ ነው። ስድስት ሰው ጭነህ ሶደሬ ስትሄድ ምግቡም ፍራሹም ፖርቶ መጋላ ላይ ነው የሚወጣው። ፕራዶ ብትል አንተ ትመቻለህ፤ እናትህ ግን በየእሁዱ ነጠላቸውን ሰብስበው ያን ደረጃ መውጣት አለባቸው። የነዳጁን ነገር አላነሳውም።

አሁን እኔ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስድስታችሁም አብራችሁ የምትወጡት በወር ስንት ቀን ነው? እሁድና በዓል ብለሃል። ቢበዛ ስድስት ቀን። በቀሩት 24 ቀናት መኪናው ውስጥ አምስት፣ አንዳንዴም አንተ ብቻህን ነህ። ለስድስት ቀን ብለህ በ24ቱ ቀን ጉልበትህን የሚመታ መኪና ከምትገዛ፣ በ24ቱ ቀን የሚመችህን ገዝተህ እሁድ ጠዋት ለእናትህና ለትልቁ ልጅ ባጃጅ ብትጠራ አይሻልም? እናትህ ምን እንደሚሉ እኔም እገምታለሁ። ግን ባለ አምስት ወንበር መኪና ውስጥ ስድስት ሆኖ፣ ሕፃኑን ጋቢና ጭን ላይ ይዞ መሄድ ከሁሉ የከፋ ምርጫ ነው። በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስትጋጭ ያን ልጅ የሚይዝ ክንድ የለም።

ከሕፃኑ ጋር ይህችን ልጨምር። የልጅ መቀመጫ ከገዛህ፣ በተለይ ፊቱን ወደኋላ አዙሮ የሚቀመጠውን፣ በፍጹም ከአንተ ኋላ አታድርገው። ከሁሉም በላይ ቦታ የሚበላው እሱ ነው። ባለቤትህ ከአንተ አጭር ከሆነች ከጋቢናው ኋላ ይሁን፤ እሷ ወንበሯን ወደፊት ታደርገዋለች። ከአንተ ኋላ የስምንት ዓመቱ ይቀመጥ። ጋቢና ላይ ደግሞ ኤርባግ ባለበት ፊቱን ወደኋላ ያዞረ መቀመጫ ክልክል ነው።

የጓደኛህ ምክር ይቀራል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ አዲስ ነገር የሚመጣው በኤሌክትሪክ ነው። ስለዚህ ጓደኛህ ዝም ብሎ አላወራም። አይዲ 6 ቮልስዋገን ለቻይና ገበያ የሠራው ባለ ስድስት ወይም ባለ ሰባት ወንበር ነው። ጎማ ለጎማ 2.965 ነው። ከቪትዝህ በግማሽ ሜትር ይበልጣል። መሪውም ወደ አንተ ይሳባል። እስካሁን ካነሳሁት ሁሉ እናትህን፣ ሦስቱንም ልጆችና ያንተን ጉልበት አንድ ላይ የሚያስታርቅ እሱ ነው።

ግን ኤሌክትሪክ መኪና አንድ የተደበቀ ነገር አለው። ባትሪው ከወለሉ ሥር ተዘርግቷል፤ ስለዚህ ወለሉ ከፍ ይላል። ወለሉ ከፍ ሲል ጣሪያው እዚያው ስለሆነ ወንበሩን እንደ ወለሉ ማንሳት አይቻልም። ውጤቱ እግርህ ወደ ላይ ተሰብስቦ፣ ልክ ዱካ ላይ ቡና እንደሚጠጣ ሰው መቀመጥ ነው። ከጉልበትህ አጠገብ በጭንህና በወንበሩ መሃል እጅህን አስገባ። ጭብጥህ፣ ማለትም የተጨበጠ እጅህ፣ በነጻ ከገባ ጭንህ አየር ላይ ነው ማለት ነው። ለአሥር ደቂቃ አያስታውቅም። አዲስ አበባ ደርሰህ ስትወርድ ግን ወገብህን ይዘህ ነው። የፊት ጫፉ ወደ ላይ የሚነሳ ወንበር ካለው ይህ ይስተካከላል፤ ከኋላ ለሚቀመጡት ግን ማስተካከያ የለውም። የ12 ዓመቱ ልጅህ አባቱን የሚከተል ከሆነ እሱንም አስቀምጠህ እየው። ይህ በአይዲ 4ም፣ በቢዋይዲ ዩዋን ፕላስም፣ በቶዮታ ቢዚ4ኤክስም ያለ ነገር ነው፤ መጠኑ ይለያያል እንጂ።

ሌላው ግቢህ ነው። ከተራ ሶኬት መኪናው የሚስበው ቢበዛ ወደ 3.5 ኪሎዋት ነው። ትልቁ የአይዲ 6 ባትሪ ወደ 80 ኪሎዋት ሰዓት ስለሆነ ከባዶ እስከ ሙሉ አንድ ቀን ከሌሊቱ ይፈጃል። ማንም ከባዶ አይጀምርም፤ በከተማ ለሚውል ሰው ሌሊቱ ይበቃዋል። መብራት የጠፋበት ሌሊት ግን ከአዲስ አበባ ጉዞ ዋዜማ ጋር እንዳይገጥምብህ። የራስህ ግቢ ከሌለህና ተከራይ ከሆንክ አከራይህን መጀመሪያ አናግር።

የጉዞውንም ስሌት ላስላልህ፤ ይህን የሚነግርህ ደላላ የለም። አዲስ አበባ ከአዳማ በ700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ቤተሰብ የጫነ አይዲ 6 ከ2.5 ቶን በላይ ነው። ያን ክብደት ያን ያህል ከፍ ለማድረግ ብቻ ወደ 5 ኪሎዋት ሰዓት ይሄዳል፤ ከተለመደው የመንገድ ፍጆታ በላይ ማለቴ ነው። ስትመለስ ቁልቁለቱ ከፊሉን ይመልስልሃል። ስለዚህ ስትሄድ መቶኛው ቶሎ ቶሎ ቢወርድ አትደንግጥ፤ ወረቀት ላይ ያለውንም የኪሎ ሜትር ቁጥር እንዳለ አትመነው።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ብሩ ካለህና ግቢ ካለህ አይዲ 6፤ የጭብጡን ፈተና ካለፈ። ብሩ ካልደረሰ ያ ራቭፎር፤ 2.66 ሆኖ ከተገኘ፣ ሰንሩፍ ከሌለው፣ ከራስህ ወንበር ኋላ ተቀምጠህ ጉልበትህ ካልተጣበቀ። ሁለቱም ካልሆኑ ኤርቲጋን ሞክር። አቫንዛውን ያሳየህን ደላላ አመስግነህ ሂድ። አንድ ነገር ደግሞ፦ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ መኪና ካጋጠመህ ከሌላው ሰው ይልቅ አንተ ተጠንቀቅ። ፔዳሎቹ በሥራው ጊዜ ትንሽ ወደ ጎን ከሄዱ አጭር ሰው አይሰማውም፤ ረጅም እግር ግን ሁልጊዜ ተጣሞ ነው የሚረግጠው።

ስለ ብየዳው፦ በፍጹም። የወንበሩ ሐዲድ የሚታሰርበት ወለል ለዚያ ተብሎ የተጠናከረ ነው። የቀበቶው መቆለፊያ ወንበሩ ላይ ስለሆነ ወንበሩ ሲሄድ እሱም ይሄዳል፤ ቀበቶው በተሳሳተ ቦታ ይይዝሃል። ብየዳ ደግሞ በግጭት ጊዜ ምን እንደሚሆን ልጁም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም። በዚያ ላይ ወደኋላ የሚገፋው ወደ ማን እንደሆነ ታውቃለህ። ያ ልጅ አሁን እግሩን አጣጥፏል፤ ቀጥሎ የት ያድርገው?

እስክትቀይር ድረስ ቪትዙ ላይ የሚቻል ነገር አለ። የወንበሩን ልብስ አውልቅ። ጎበዝ የወንበር ሠሪ ካገኘህ ከመቀመጫው ስፖንጅ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ከኋላ በኩል ብቻ ያስቀንስልህ፤ ከፊት እንዳይነካ፣ ጭንህ ድጋፍ ይፈልጋል። ከቁልፍ ዘለላው የመኪናውን ብቻ ለይተህ ያዝ። አንገት ማስደገፊያውን እስከ መጨረሻው አንሳው። የቀበቶው የላይኛ መያዣ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ከፍ አድርገው። ለቪትዝህ ፍትሕ ለመስጠት ያህል፣ ፍጥነት መለኪያው ዳሽቦርዱ መሃል መሆኑ ለአንተ ጥሩ ነበር፤ መሪውን ወደ ታች ብታደርገው እንኳ አይሸፈንም። በአዲሱ መኪና መሪውን ለጉልበትህ ካስተካከልክ በኋላ ቁጥሮቹ በመሪው ጠርዝ ኋላ ተደብቀው እንደሆነ ማየት አትርሳ።

ራቭፎሩን ለካውና ቁጥሩን ላክልኝ። የተቀመጥክበትንም፣ የጉልበትህንም። ከዚያ ኮፈኑን እኔ መጥቼ እከፍትልሃለሁ።